ስለ ጓደኝነትና ስለ ሕይወት ትርጉም የልጆች ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል? ከመንዝ ጓሳ በተወሰደ ምሳሌ

ስለ ሕይወት ትርጉም የሚያወራ የልጆች ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው ገና በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ልጁን ኮረብታ ላይ ያስቀምጥና «ለመሆኑ ሕይወት ምንድን ናት?» ያሰኘዋል። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ይመጡና መልሱን ይነግሩታል። በመካከሉ ያለው ታሪክ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የአሥር ዓመት አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ኳሱን ይዞ ይወጣል።

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ ላሉ መምህራን፣ ወላጆችና ብዕር ለሚሞክሩ ወጣቶች ነው፤ ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት። ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ የልብ ወለድ ሐሳብ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሠራዋለን። ዋናዋ ባለታሪክ የሺ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ በግ ትጠብቃለች፣ በፈረቃዋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጓደኛዋ ጥበቡ የቆሎ ተማሪ ነው። ሁለቱም የፈጠራ ልጆች ናቸው። የሚኖሩበት የጓሳ ዳርቻ ግን እውነተኛ ቦታ ነው።

አንደኛ፦ አንባቢዎን በዕድሜ ይለዩ

«ለልጆች ነው የምጽፈው» ማለት አይበቃም። የሰባት ዓመት ልጅ ገና ፊደል እየለቀመ ነው፤ የአሥራ አራት ዓመቱ ደግሞ የልጅ መጽሐፍ ይዞ መታየት ያሳፍረዋል። ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጥሩው ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ ሞት የማይመለስ መሆኑ ገብቶታል፤ አባትና እናቱ ሁሉን ነገር እንደማያውቁም መጠርጠር ጀምሯል። ከጓደኛው ጋር ሲጣላ እራት አይበላለትም። የሚያስፈልግዎት ይኸው ነው።

ርዝመቱን ከ20,000 እስከ 25,000 ቃል ያድርጉት፤ ምዕራፎቹን ከ1,200 እስከ 1,500 ቃል። አንድ ምዕራፍ ከክፍለ ጊዜው በተረፈችው ሩብ ሰዓት ወይም ማታ እራት እስኪደርስ ጮክ ተብሎ ተነብቦ ማለቅ አለበት። ብዙ ቤት መጽሐፍ ካለም አንድ ነው፤ ታላቅ ያነባል፣ ታናሾች ይሰማሉ። ስለዚህ የሚጽፉት ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም ጭምር መሆኑን አይርሱ።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን ከሰማይ አውርደው ቤት ውስጥ ያስቀምጡት

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ሊወስድብዎ የሚገባው ይህ ነው። ልጅ «ለምን እኖራለሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለሚያውቀው ሰው ግን ይጠይቃል፤ እንዲያውም መጠየቁን አያቆምም።

ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። ጓሳ በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የሣር ምድር ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። የአካባቢው ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ባለርስቶች ተመካክረው ምድሩን ይዘጉታል። ከዚያ ሦስትም አምስትም ዓመት ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይሰማራበትም። ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጥበቃውን ግን ማኅበረሰቡ ኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው።

የየሺን አያት ከዚህ ታሪክ ውስጥ እናስገባቸው። በወጣትነታቸው ሣር ጠባቂ ነበሩ። ባና ደርበው፣ ዱላ ይዘው፣ እሳቸው የማያጭዱትን ሣር በብርድ ሲጠብቁ ኖሩ። ከቤታቸው ሣር ክዳን በታች አረጁ፣ እዚያው ሞቱ። ክረምት ሲገባ ክዳኑ ያፈሳል። የሺ ከሚንጠባጠበው ውሃ ሥር ድስት ታስቀምጥና እንዲህ ታስባለች፦ «አባባ ያን ሁሉ ሣር ጠብቀው ኖረው፣ የኛ ቤት ለምን ያፈሳል?»

ይህ የሕይወት ትርጉም ጥያቄ ነው። ሰው ዕድሜውን ለማይጠቀምበት ነገር ቢሰጥ ከንቱ ነው ወይስ አይደለም? ነገር ግን ጥያቄው አሁን ጣሪያ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ጠብ ይላል፤ ድስቱ ሲሞላ የሚደፋው ሰው ያስፈልጋል። ልጅ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

የራስዎን ጥያቄ ሲፈልጉ በዚህ ይፈትኑት፦ አንድ ሥዕል የሚስል ልጅ ጥያቄውን በወረቀት ላይ ሊስለው ይችላል? «የደስታን ምንጭ ፍለጋ» አይሳልም። የሚያፈስ ጣሪያ ይሳላል። በዞናችን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል። ደብረ ሲና ላይ በአውቶቡስ መስኮት ቆሎ የምትሸጥ ልጅ፣ የሚያልፈውን ሁሉ እያየች «ሁሉም ሰው የሚሄድበት ካለው እኔስ?» ልትል ትችላለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ የሆነ አባት ጠዋት ጠዋት እንደ ሥራ ቀን ተነሥቶ ለባብሶ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ልጁ ያየዋል። በአልዩ አምባ በኩል የአርጎባ ሸማኔ ልጅ የአባቱን ጉድጓድ፣ እግሩን የሚያስገባባትን የሽመና ጉድጓድ፣ አልወርስም ይል ይሆናል። ሦስቱም ላይ መጽሐፍ ይቆማል።

ሦስተኛ፦ ሁለት ጓደኛ ይበቃል፤ አንዱ የሌላውን አገር አይወቅ

የአምስት ልጆች ቡድን ለፊልም ይመች ይሆናል። በ25,000 ቃል ውስጥ ግን ሦስቱ ስም ብቻ ይሆናሉ። ሁለት ይያዙ። አንዱ ለቦታው አዲስ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የቦታው ልጅ በየቀኑ ስለሚያየው ያላስተዋለውን እንግዳው ይጠይቃል፣ አንባቢም በእሱ በኩል ይገባል።

ጥበቡን ከይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ እናምጣው። ሸዋ ሮቢት ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ሲና ወጥቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው ከጣርማ በር ዋሻ ደርሶ ወደ መንዝ ሲታጠፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኗል ማለት ነው። ውርጭ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። በኅዳር አንድ ጠዋት ከጎጆው ሲወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነክቶ ይቀምሰዋል፤ ጨው መስሎታል። የሺ ታየዋለች፣ ትስቅበታለች። ትውውቃቸው እዚህ ይጀምራል። «በጣም ተዋደዱ» የሚል ዐረፍተ ነገር አያስፈልግም።

የቆሎ ተማሪን ሲጽፉ ከመጽሔት የተቀዳ ምስል እንዳይሆንብዎ ይጠንቀቁ። ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ለደጅ መለመን፣ የውሻ ጥርስ፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አንባቢ የማያውቀውን አንድ ነገር ይጨምሩ። ለምሳሌ ጥበቡ የየትኛው ቤት ቁራሽ ጨው እንደበዛበት በቃሉ ያውቃል። የየቤቱን ውሻ በስም ይጠራል። ዳዊት ሲደግም አንድ ቦታ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ የኔታ እዚያ ሲደርስ ብቻ ቀና ይላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ሰው ይሆናል።

ሃይማኖትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ከመንዝ ላይ ደወሉንም ጾሙንም አጥፍቶ የትም ያልሆነ አገር መሥራት ነው። ሌላው ጥበቡን የጥቅስ ሳጥን ማድረግ፦ የሺ ስትጠይቅ እሱ ከመዝሙረ ዳዊት ይመልሳል። ልጁ ይጸልይ፤ ሰዓቱ ስለደረሰ፣ ብርድ ስለሆነ፣ የኔታ ስለሚቆጡ ይጸልይ። እምነቱ የኑሮው ክፍል ይሁን፤ የደራሲው መልስ ማቀበያ ግን አይሁን። ባለታሪክዎ ከአርጎባ ቢሆንና መድረሳ የሚሄድ ቢሆንም ይኸው ነው።

አራተኛ፦ አገሩን በእግር ይወቁት

ደብረ ብርሃን ካፌ ተቀምጦ ስለ ጓሳ መጻፍ ይቻላል፤ ልጅ ግን ያውቅብዎታል፤ በተለይ የገጠር ልጅ። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሄደው ይደሩ። ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ «ውብ መልክዓ ምድር» ብለው አይጻፉ፤ ማንም አይጠቀምበትም። ይልቅ እነዚህን የመሰሉ ነገሮች ይፈልጉ፦ ውርጩ ጠዋት የሚቀልጠው ፀሐይ የት ስትደርስ ነው? የረጠበ ባና ምን ምን ይሸታል? ጭጋግ ሲወርድ እረኛ በጎቹን በምን ይለያል፣ በድምፃቸው ነው ወይስ ጮኾ ጠርቶ? ሴቶች የበግ ጠጉር ሲፈትሉ እያወሩ ነው ወይስ ዝም ብለው? በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ስንት ጊዜ ይነቀነቃል? ዛሬ ሣር የሚታጨድበት ደንብ ምን እንደሆነ ደግሞ መሐል ሜዳ ላይ ሽማግሌዎችንና ጠባቂዎቹን ይጠይቁ፤ ልብ ወለድ ቢሆንም ይህን ከጭንቅላት ማውጣት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ለየት አድርጌ ላንሣ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ስትሄድ ይታያል። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ መንጋው ቀን ሜዳ ላይ ይግጣል፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። ቀበሮዋ አብዛኛውን ጊዜ ግልገሎቹን አትነካም፣ መንጋውም አይሸሻትም። እሷ እዚያ የምትመላለሰው ዐይጥ ፍለጋ ነው። እዚያው ጓሳ ላይ የተከታተሏት ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት፣ በመንጋው መካከል ሆና ስታድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስታድን ግን 25ቱ ብቻ።

ይህን ያወቀ ጸሐፊ ወዲያው እጁ ይበላዋል፦ «አያችሁ ልጆች፣ የተለያዩ ፍጥረታት እንኳ...» ይቅርብዎት። የሺና ጥበቡ ከቋጥኝ ላይ ተኝተው ቀበሮዋን ይዩ። ጥበቡ «አሁን ትበላቸዋለች» ይበል። የሺ «አትበላም» ትበል። «እንዴት አወቅሽ?» «አትበላማ!» ምዕራፉ ወደ ሌላ ነገር ይለፍ። አንባቢው ከስድስት ምዕራፍ በኋላ ራሱ ያስታውሳታል፤ ባያስታውሳትም ቀበሮ አይቷል፣ ምንም አልከሰረ።

አምስተኛ፦ የሚጣሉበትን ምዕራፍ አስቀድመው ይጻፉ

ብዙ ሰው ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይጽፍና ሰባተኛው ላይ ይቆማል። የሚሻለው መጽሐፉ የሚሰበርበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ጓደኝነት የሚታየው ሲሰበር ነው፤ የሚሰበረውም በክፋት መሆን የለበትም። ክፉ ልጅ መጥቶ ቢያጣላቸው ቀላል ነው፤ ክፉው ሲሸነፍ ይታረቃሉ፣ አለቀ። ከባዱ አንዱ ለሌላው ብሎ ያደረገው ነገር ሲያጣላቸው ነው።

በምሳሌያችን ጥበቡ የየሺ ቤት ሲያፈስ ያያል። ማጭድ ይዋሳል። በጨለማ ወደ ተዘጋው ምድር ገብቶ አንድ እስር ሣር አጭዶ ያመጣላታል። ይህ ልጅ ውርጭ የሚፈራ ልጅ ነው፤ በሌሊት ሄዷል። ለእሱ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

«የሺ እስሩን አየችው። የጓሳ ሣር ነው፤ ጤዛው አልደረቀም።
‹ከየት አመጣኸው?›
‹ከማዶ። አትፍሪ፣ ማንም አልነበረም።›
‹ማንም?›
‹ማንም።›
የሺ እስሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው።
‹አባባ ነበሩ› አለች።»

እዚህ ላይ ያቁሙ። «ጥበቡ በሐፍረት አንገቱን ደፋ፤ የሠራው ስሕተት ገባው» ብለው አይቀጥሉ። አልገባውም። ገና ተናዷል፤ እጁ በማጭድ ተቆርጧል፣ አመሰግናለሁ ያለው የለም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንባቢውም ለማን እንደሚያደላ አያውቅም። ለሦስት ምዕራፍ እንዳይነጋገሩ ያድርጓቸው። እሱ በደጃቸው ሲያልፍ ድምፁን ቀንሶ ይለምናል። እሷ ውሻውን ታስራለች፤ ግን አትወጣም። ሣሩስ? ቢያቃጥሉት ብክነት ነው፣ ክዳኑ ላይ ቢያውሉት ስርቆት ነው፣ ቢመልሱት መታጨዱ አይመለስም። እስሩ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይደርቃል፤ የሺ በየቀኑ ታየዋለች።

ጥያቄው አሁን የአያቷ መሆኑ አብቅቶ የራሷ ሆኗል። ለጠባቂዎቹ ብትናገር ጥበቡ ይባረራል፤ ዝም ብትል አባባ ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ነገር እሷው ደበቀችው ማለት ነው። ምን ትምረጥ? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ እስሩን ተሸክማ ሄዳ «እኔ ነኝ» ማለቷ ነው፤ ያምራል፣ ግን ውሸት ነው፣ ልጆችም በጣም ይወዱታል። ሁለተኛው፣ ጥበቡን ይዛው መሄዷ ነው፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ አጠገቡ ትቆማለች። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ መነጋገር ይኖርባቸዋል፣ ያ ንግግር ደግሞ የመጽሐፉ ምርጥ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹን ምዕራፎች ከዚህ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይቁጠሩ። የሚጣሉበት ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው፤ ከአሥራ ሰባት ምዕራፍ አሥራ አንደኛው ገደማ። ጊዜውን በበዓላት መቁጠር ያመቻል፤ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት። ግን በዓሉን ሁሉ አይደግሱት። አንድ በዓል ብቻ በሰፊው ይጻፉ፤ የሌሎቹ ስማቸው ይበቃል። አለበለዚያ መጽሐፉ የቱሪዝም በራሪ ወረቀት ይመስላል።

ስድስተኛ፦ ሽማግሌውን ዝም ያሰኙ

ተረት ተረት፣ የላም በረት ብለን ያደግን ሰዎች ይህ ይከብደናል። ተረት ማታ እሳት ዳር በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ተናጋሪው ከፊታችን ነው፣ መጨረሻ ላይ ምክር ጣል ቢያደርግ ከአፉ እንሰማዋለን። የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍም ከምንባቡ በታች «ከዚህ ታሪክ ምን ትማራላችሁ?» ብሎ ያሠራናል። ልጆቻችን ምክር የት ቦታ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ሲደርሱበት ዘልለውት ያልፋሉ። ልብ ወለዱ ያንን ቦታ ባዶ መተው አለበት።

ሽማግሌ አይኑር ማለት አይደለም። መንዝ ላይ ሽማግሌ የሌለበት ታሪክ ውሸት ነው። ግን ሽማግሌው ትርጉም አይስጡ፤ ያዩትን ብቻ ይናገሩ። የሺ ከአያቷ ጋር ሣር ይጠብቁ ወደነበሩ አዛውንት ትሄዳለች፦

«‹አባባ ለምን ነበር የሚጠብቁት?›
አዛውንቱ ጠጉር እየባዘቱ ነበር። ቀና አላሉም።
‹ብርድ ነበር› አሉ።
የሺ ጠበቀች።
‹አያትሽ ቆሎ አያልቅበትም ነበር። እኔ ቶሎ እጨርሳለሁ። ከሱ ነበር የምቀማው።›
‹እሳቸውስ?›
‹ይሰጠኛላ። ምን ያደርጋል?›»

ጥያቄው አልተመለሰም። ይሁንና ልጅቱ ይዛው የምትሄደው ነገር አግኝታለች፦ በብርድ ሌሊት ሁለት ሰዎች፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። ከዚያ በኋላ ጥበቡን ስታየው ምን እንደምታደርግ ጸሐፊው መናገር የለበትም፤ ታድርገው።

ሽማግሌ በልብ ወለድዎ ውስጥ ሲገቡ ከሦስት ነገር አንዱን ያድርጉ፦ አላውቅም ይበሉ፣ ስለ ሌላ ነገር ያውሩ፣ ወይም ለልጁ ሥራ ይስጡት። ጠጉሩን ያዥልኝ፣ በሩን ዝጊው፣ ያንን በግ መልሺልኝ። ከምክር ይልቅ ሥራ ሁልጊዜ የተሻለ ትዕይንት ያወጣል።

ሰባተኛ፦ ዐረፍተ ነገሩን ለልጅ ትንፋሽ ይቁረጡት

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ከትናንት በስቲያ ከገበያ ሲመለሱ ያገኙትን የጎረቤታቸውን በግ የነከሰውን ውሻ ያባረረው ልጅ» ብለን ስንጽፍ ትንሹ አንባቢ ልጁ ጋ ሳይደርስ በጉ ጋ ጠፍቷል። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ይቁረጡት።

ስሜትን በስሙ አይጥሩት። እንዲህ የሚል ረቂቅ በብዛት አያለሁ፦ «የሺ በጣም አዘነች። ሕይወት ከባድ እንደሆነች ተረዳች። እውነተኛ ጓደኛ በችግር ጊዜ እንደሚታወቅም ገባት።» ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ አንድም የሚታይ ነገር የለም። በምትኩ፦

«የሺ ድስቱን ደጅ ደፍታ መልሳ አስቀመጠችው። ጠብታው ባዶውን ድስት ሲመታ ጮኸ።
‹ቅድም አይጮህም ነበር› አለ ጥበቡ።
‹ሞልቶ ነበራ።›
‹ሞልቶ ይሻላል?›
‹ሲሞላ ይፈሳል።›»

አጠራርን ሳያዛንፉ ይጠብቁ። የሺ አያቷንና የኔታን አንቱ ትላለች፤ ጥበቡን አንተ። ከዕድሜዋ ከፍ ያለችውን ጎረቤት እትዬ፣ ጎልማሳውን ጋሼ። ሁለቱ ልጆች ሲጣሉ ጥበቡ በንዴት «እርስዎ» ቢላት፣ የሽሙጥ አንቱታ፣ የመንደር ልጅ ወዲያው ይገባዋል፤ ገጹም ሳያብራራ ይሠራል። የአካባቢውን አነጋገር በንግግር ውስጥ ያስገቡ፤ ትረካው ግን የደብረ ሲናም የአዲስ አበባም ልጅ የሚያነበው ይሁን።

የተፈናቀለ ልጅ ባለታሪክ ለማድረግ ካሰቡ አንድ ቃል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከቀያቸው ተነቅለው በመጠለያ የሚያድጉ ልጆች አሉ፤ መጽሐፍዎ እጃቸው ሊገባ ይችላል። ያ ልጅ በታሪኩ ውስጥ የደረሰበት መከራ ብቻ አይሁን። የሚያስቀው ነገር፣ የሚጠላው ምግብ፣ በኳስ ሜዳ የሚይዘው ቦታ ይኑረው። ሌሎች ባለታሪኮች እንዲያዝኑለት ብቻ ከሆነ ያስገቡት፣ ቢያወጡት ይሻላል።

ስምንተኛ፦ ለልጆች ያንብቡት፤ «ወደዳችሁት?» ብለው ግን አይጠይቁ

የእኛ ልጆች ጨዋ ናቸው። መምህር ወይም ጎልማሳ ቆሞ ያነበበውን «ጥሩ ነው» ይላሉ፣ አንዳንዱም ያጨበጭባል። ይህ ምንም አይነግርዎትም። ስድስት ሰባት ልጆች ይሰብስቡ፤ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም፣ በጎረቤት ግቢም ይሆናል። ሲያነቡ ሌላ ሰው ልጆቹን ይመልከትልዎት፤ ከረቂቁ ቅጂ ላይ እግር መወዛወዝ የጀመረበትን መስመር ጠርዙ ላይ ምልክት ያድርግ። ምዕራፉ ሲያልቅ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ምዕራፉ ወደየትም እየሄደ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ደግሞ ታሪኩ ቀድሞ ታውቆብዎታል።

በማግስቱ ያልነበረ ልጅ ያምጡና የነበረው እንዲተርክለት ያድርጉ። የዘለለው ቦታ መቆረጥ ያለበት ነው፤ የጨመረው ነገር ካለም ያድምጡ፣ አንዳንዴ ከእርስዎ ይሻላል።

ስለ ሣሩ እስር ጉዳይም ይጠይቋቸው፦ «የሺ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» በዚህ ጥያቄ ልጆቹ እርስ በርስ መከራከር ከጀመሩ ይተዋቸው፤ ዳኛ አይሁኑ። የሚከራከሩበት ነገር መጽሐፉ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።

ዘጠነኛ፦ ሕትመትና ሥዕል

ፊደሉን ከ13 እስከ 14 ነጥብ ያድርጉት፤ ለትልቅ ሰው በተለመደው መጠን ልጅ አይታገል። ሆሄያቱን አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ በአንድ ገጽ «ፀሐይ» በሌላው «ጸሃይ» ካለ ፊደል በመማር ላይ ያለው ልጅ ነው የሚቸገረው። ማተሚያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፋት ስለሚሠራ የገጹን ብዛት በ16 የሚካፈል ያድርጉት፤ 25,000 ቃል በ128 ገጽ ውስጥ ይገባል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያወጣሉ። መብቱ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንደተፈጠረ የእርስዎ ነው፤ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ከሠዓሊው ጋር ግን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ወዳጅ ቢሆንም።

ለሠዓሊው ምዕራፎቹን ብቻ አይላኩለት፤ ፎቶግራፍም ይላኩለት። ጓሳን ያላየ ሠዓሊ ጭላዳውን ተራ ዝንጀሮ ያደርገዋል፣ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ትቀራለች። ቀይ ቀበሮዋን የተራበች የሰፈር ውሻ ያደርጋታል። የየሺን ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ያለብሰዋል፤ ቆርቆሮ ከለበሰ ታሪኩ በሙሉ ቀረ ማለት ነው። ረቂቅ ሥዕሉን ቀለም ከመግባቱ በፊት ይቀበሉና ለአንድ የመንዝ ልጅ ያሳዩት፤ ስሕተቱን ከእርስዎ ቀድሞ ያገኘዋል።